የታይሮይድ ካንሰር ሕክምናና ዓይን፦ ጎንደር ላይ ሆነን የቱን እንምረጥ?

ዓይንን ከታይሮይድ ካንሰር ሕክምና ጣጣ ለማዳን ትልቁ ምርጫ ያለው ከሕክምናው በፊት ነው። ይህን የምለው አራዳ አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ ስሠራ የማየውን ይዤ ነው። ሰው የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ቀዶ ጥገናው አልፏል። ጨረር ያለው (ራዲዮአክቲቭ) አዮዲን ሕክምናም አልፏል። ሐኪሙ «ደህና ነሽ» ብሎ ሸኝቷል። ከዚያ ወራት ቆይቶ ዓይን መቆርቆር ይጀምራል፣ ወይም ዕንባ ያለ ልቅሶ ይወርዳል። ያኔ ወደ ባንኮኒው ቀርበው «ለዓይን የሚሆን ጠብታ አለህ?» ይሉኛል።

ጠብታማ አለ። ግን ጠብታ ከብዙዎቹ ምርጫዎች አንዱና የመጨረሻው ነው። ከእሱ በፊት ያሉትን አንድ በአንድ እናወዳድር። ልብ ይበሉ፣ ይህ ጽሑፍ ሐኪምዎን የሚተካ አይደለም። ሐኪምዎ ፊት ሲቀመጡ ምን እንደሚጠይቁ እንዲያውቁ ነው።

አዮዲኑን ከዓይን ጋር ምን አገናኘው?

«የታከምኩት አንገቴን፤ ዓይኔ ምን አድርጎ?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው።

የታይሮይድ ሴል አዮዲንን ከደም ስቦ የሚያስገባበት በር አለው። ፓፒላሪና ፎሊኩላር የተባሉት የካንሰር ዓይነቶችም ይህ በር ስላላቸው በራዲዮአክቲቭ አዮዲን ይታከማሉ። ካንሰሩ አዮዲኑን ሲውጥ ጨረሩ ከውስጥ ያቃጥለዋል። ሜዱላሪና አናፕላስቲክ የሚባሉት ግን አዮዲን ስለማይስቡ ይህ ሕክምና አይጠቅማቸውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የእኔ የትኛው ነው?» የሚለው ነው። መልሱ ከወጣው ዕጢ በተደረገው ምርመራ፣ ማለትም በፓቶሎጂ ውጤትዎ ላይ ተጽፏል።

ችግሩ ያ በር ታይሮይድ ላይ ብቻ አለመሆኑ ነው። የምራቅ ዕጢ ላይ አለ። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ ዕንባ ከዓይን ወደ አፍንጫ የሚወርድበት ከረጢትና ቱቦ ላይም እንዳለ አሳይቷል። ይህ ቱቦ እንደ ቤት አሸንዳ ነው። ዕንባ ዓይንን አርሶ ሲጨርስ በእሱ በኩል ይወርዳል። አዮዲኑ እዚያ ሲገባ ውስጠኛው ሽፋን ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ቀስ በቀስም ጠባሳ ይሠራል። ቱቦው ይጠብባል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይዘጋል። አሸንዳው ሲደፈን ውኃው በጉንጭ ይወርዳል።

ሌላው ችግር ድርቀት ነው። ዕንባው ይቀንሳል ወይም ጥራቱ ይበላሻል። ዓይን አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል፣ ይቀላል፣ ማታ ማታ ይደክማል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የደረቀ ዓይንም ያነባል። ሲቆረቁረው ድንገት ዕንባ ያፈስሳል። ስለዚህ «ዓይኔ ያነባል፣ ድርቀት ሊሆን አይችልም» ማለት አይቻልም። ሁለቱን የሚለየው ምርመራ ነው።

የቱቦ መዘጋት ያን ያህል የተለመደ አይደለም። በተጠኑ ታካሚዎች ላይ ከ100 ሰው ከ3 እስከ 5 ገደማ ታይቷል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው አዮዲኑ ከተወሰደ ከ3 እስከ 16 ወር ባለው ጊዜ ነው። ይህ መዘግየት ነው ሰውን የሚያታልለው። ማንም ሰው የዛሬን ዕንባ ከዓመት በፊት ከዋጠው ክኒን ጋር አያገናኘውም።

አዮዲኑ ያስፈልጋል? ካስፈለገስ ስንት?

ከሁሉም ምርጫ ክብደት ያለው ይህ ነው። ቱቦው የተዘጋባቸው ሰዎች በአብዛኛው ከ150 ሚሊኪዩሪ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) በላይ የወሰዱ ናቸው። ደጋግሞ የወሰደ ሰው ድምሩ ይታሰብለታል። እንግዲህ መጠኑ ሲያንስ ዓይንም ምራቅም ይተርፋል።

ታዲያ መጠኑ ሲቀነስ ካንሰሩ አይተርፍም ወይ? ይህ ተጠንቷል። በ2012 እ.ኤ.አ. አንዱ ከእንግሊዝ፣ ሌላው ከፈረንሳይ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ታትመዋል። ካንሰሩ ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል ያልሄደባቸውን ታካሚዎች ከፍለው ለአንዱ ወገን 30፣ ለሌላው 100 ሚሊኪዩሪ ሰጡ። ከቀዶ ጥገና የተረፈውን የታይሮይድ ሕዋስ በማጥፋት 30ው ከ100ው አላነሰም። በ2022 ደግሞ ፈረንሳዮቹ ሌላ አወጡ። ዝቅተኛ ስጋት ያለባቸውና አዮዲን ጭራሽ ያልወሰዱ ሰዎች በ3 ዓመት ክትትል ከወሰዱት አላነሱም።

ስለዚህ ምርጫው በጥቅሉ እንዲህ ይመስላል። ካንሰሩ ትንሽ ሆኖ ከታይሮይድ ካልወጣ፣ አዮዲኑን መተውና በክትትል መቆየት አንድ መንገድ ነው። ትንሽ ስጋት ካለ 30 ይበቃ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ወደ ብዙ ንፍፊቶች ወይም ከታይሮይድ ውጭ ከዘለቀ ሐኪሙ 100 ወይም 150 ሊያዝ ይችላል። ወደ ሳንባ ወይም አጥንት ከሄደ ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። እዚህ ጋ እኔ ግልጽ አቋም አለኝ። ካንሰሩ ከተሰራጨ ዓይንን ብሎ መድኃኒት ማሳነስ ትክክል አይደለም። የተዘጋ ቱቦ በቀዶ ጥገና ይከፈታል፤ የተሰራጨ ካንሰር ጊዜ አይሰጥም። ካንሰሩ ትንሽ ሆኖ ሳለ «ለማንኛውም ይሁን» ተብሎ ትልቅ መጠን መውሰድ ደግሞ ለዓይንም ለምራቅም ያለ ጥቅም ዋጋ ማስከፈል ነው።

ሐኪሙን ለመጠየቅ አንፈር። «ዶክተር፣ የእኔ ስጋት ዝቅተኛ ነው ወይስ ከፍተኛ? በ30 የማይሆንበት ምክንያት አለ?» ማለት ድፍረት አይደለም። እኛ አገር ሐኪም ፊት ዝም ማለት እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። ለዚህ ጥያቄ ግን ዝምታ አይጠቅምም። በተለይ የአዮዲን ሕክምና የኒውክሌር ሕክምና ክፍል ባለበት ቦታ ብቻ የሚሰጥ ስለሆነ የጎንደር ታካሚ ረጅም መንገድ ይጠብቀዋል። ሪፈር ከመጻፉ በፊት ጥያቄው ቢነሳ ይሻላል።

ሆርሞን ማቆም ወይስ መርፌ?

አዮዲኑ እንዲሠራ ቲኤስኤች የሚባለው፣ ታይሮይድን የሚያነቃቃው ሆርሞን ከፍ ማለት አለበት። ይህ የሚሆንበት ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው የታይሮይድ ሆርሞን ክኒኑን፣ ሌቮታይሮክሲንን፣ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ማቆም ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፣ የትም ይቻላል። ጉዳቱ ሰውነት መቀዝቀዙ ነው። ድካም፣ ብርድ፣ የፊትና የዓይን ቆብ ማበጥ ይመጣል። ኩላሊትም ሥራውን ያዘገያል። ኩላሊት ሲዘገይ አዮዲኑ ከደም ለመውጣት ይቆያል፣ ሌላው ሰውነትም ለጨረር ይበልጥ ይጋለጣል።

ሁለተኛው ቲኤስኤች ራሱን በመርፌ መስጠት ነው። በሁለት ተከታታይ ቀናት ይወጋል፣ በሦስተኛው ቀን አዮዲኑ ይሰጣል። ክኒኑን ማቋረጥ አያስፈልግም፣ ሰውነት አይቀዘቅዝም፣ አዮዲኑም ቶሎ ይወጣል። በፈረንሳዩ የ2012 ጥናት የዕንባ ችግር ይበልጥ የታየው ሆርሞን ባቆሙት ወገን ነው። ለዓይን ከታሰበ የተሻለው መርፌው ነው። ዋጋው ግን በጣም ውድ ነው፣ እንደልብም አይገኝም። ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ታካሚ ካለ ዋጋውን ከሕክምናው ወጪ ጋር አብሮ ይጠይቅ። አገር ውስጥ ለሚታከም አብዛኛው ሰው ምርጫው ማቆም ነው የሚሆነው። ያኔ ማድረግ የሚቻለው ሐኪም ካልከለከለ ውኃ በደንብ መጠጣትና ሐኪሙ ባዘዘበት ቀን ሳያሳልፉ ክኒኑን መልሶ መጀመር ነው። «ካቆምኩት አይቀር ትንሽ ልቆይ» ብሎ ነገር የለም።

ከመሄድ በፊት አንድ የዓይን ምርመራ

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከአዮዲኑ በፊት የሚደረገውን አንድ ምርመራ በኋላ ከሚገዛ አንድ ከረጢት ሙሉ ጠብታ አስበልጠዋለሁ። ምክንያቱ ይህ ነው። አካባቢያችን የዓይን ማዝ፣ ትራኮማ ማለት ነው፣ የጸናበት አገር ነው። ከገጠር የመጣ ሰው የዓይን ፀጉሩ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ለዓመታት ሲቧጥጠው ኖሮ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ አዮዲን ሲጨመር በኋላ የትኛው ምን እንዳመጣ መለየት ያስቸግራል። የተቀለበሰ ፀጉር ካለ አስቀድሞ ይስተካከል። ድርቀት ካለ አስቀድሞ ይመዝገብ።

ምርመራው ቀላል ነው። አንዱ እንዲህ ነው። ሐኪሙ 5 ሚሊሜትር ስፋትና 35 ሚሊሜትር ርዝመት ያላት ቀጭን ወረቀት ይይዛል። ጫፏን አጥፎ በታችኛው የዓይን ቆብ ጠርዝ ላይ ወደ ጆሮ በኩል ያንጠለጥላታል። ዓይን ጨፍኖ 5 ደቂቃ መቀመጥ ነው። ትንሽ ይቆረቁራል እንጂ አያምም። ከዚያ ወረቀቷ ምን ያህል እንደረጠበች ይለካል። ከ10 ሚሊሜትር በላይ ከራሰች ደህና ነው። ከ5 በታች ከሆነ ድርቀቱ የከፋ ነው። ሐኪሙ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ጫን አድርጎ መግል ይወጣ እንደሆነም ያያል።

የት ይደረግ? በቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ ፀጉር መቀልበስን ሊያይ ይችላል። የዕንባ መጠንና የቱቦ ምርመራ ግን የዓይን ሐኪም ሥራ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የራሱ የዓይን ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል አለው። የቀዶ ጥገና ክትትላቸው እዚያው የሆነ ሰዎች በቀጠሯቸው ቀን አብረው ቢጨርሱት አንድ መንገድ ይቀንሳሉ። ከዳባት፣ ከደባርቅ ወይም ከደምቢያ ለሚመጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አዮዲኑ የሚወሰድበት ሳምንት

እዚህ ጋ ምርጫዎቹ ጥቃቅን ናቸው፤ ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው።

ኮንታክት ሌንስ ወይስ መነጽር? መነጽር። አዮዲኑ በዕንባ ስለሚወጣ ሌንሱ ይበከላል፣ የደረቀ ዓይንንም ይፍቃል። መቼ እንደሚመለሱበት ሐኪሙ ይንገርዎ።

ዓይን ማሸት አይገባም። ዕንባ በነጠላ ጫፍ ከመጥረግ በሶፍት መጥረግ ይሻላል። ሶፍቱን የት እንደሚጥሉት የሕክምና ክፍሉ ያሳይዎታል። የአዮዲን 131 ኃይል በየ8 ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል። እስከዚያው በነጠላ የጠረጉት ዕንባ ያው ጨርቁ ላይ ይቆያል፣ ነጠላው ደግሞ ሕፃን ታቅፎ ይለበሳል።

ሎሚስ? ሎሚ ወይም ጎምዛዛ ከረሜላ መምጠጥ የሚመከረው ምራቅ እንዲፈስ ነው። ለዓይን የሚያደርገው ነገር የለም። ለምራቅም ቢሆን ሰዓቱ ወሳኝ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ የጃፓን ጥናት አዮዲኑ በተወሰደ በሰዓት ውስጥ መጀመር የምራቅ ዕጢን ይበልጥ እንደጎዳ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ መጀመር ግን እንደተሻለ አሳይቷል። ሰው ከአስቤዛ ጋር አንድ ኪሎ ሎሚ ሸምቶ ይሄዳል። ሲጀምር መጠየቁን አይርሳ።

ሰው ሠራሽ ዕንባ በዚያ ሳምንት ደጋግሞ ማንጠብጠብ አዮዲኑን ከዓይን ያጥባል የሚል ሐሳብ አለ። ማስረጃው ገና ቀጭን ነው። ግን ጉዳት የለውም፣ ለድርቀቱም ይረዳል። አቅም ካለ እኔ ይዘው እንዲሄዱ እመክራለሁ።

የመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ

አሁን ወደ እኔ ሰፈር መጣን። አንዲት እናት ዓይናቸውን በነጠላ እየጠረጉ ገብተው «ያቺን ቢጫዋን ቅባት ስጠኝ» ይሉኛል። ቴትራሳይክሊን ነው የሚሉት። «እትዬ፣ ከዚህ በፊት ምን ታክመው ያውቃሉ?» ስላቸው የአንገታቸውን ጠባሳ በነጠላው ከልለው «ኧረ ልጄ፣ እሱማ ከርሟል። ይሄ የአቧራ ነው» ይላሉ። እኔም ቅባቱን አልሰጥም። ለምን እንደማልሰጥ ልንገራችሁ።

ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ፀረ ተሕዋስ ነው። ትራኮማ በበዛበት አካባቢያችን በየቤቱ ስላለ ለሁሉም የዓይን ሕመም የሚሆን ይመስላል። ለድርቀት አይሆንም። የተዘጋ ቱቦ አይከፍትም። ቅባት ስለሆነ ለጊዜው ያለሰልሳል። ያ ማለስለስ ነው ሰውን «ተሻለኝ» እያሰኘ ወራት የሚያስበላው።

ከዚያ የባሰው ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ያለበት ጠብታ ነው። ብዙ ጊዜ ከፀረ ተሕዋስ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። መቅላትን በአንድ ቀን ያጠፋል፣ ሰውም ይወደዋል። ያለ ሐኪም ሲቆይ ግን የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ግላኮማ ያመጣል፣ የዓይን ሞራንም ያፋጥናል። በግላኮማ የጠፋ ብርሃን አይመለስም። ጎረቤት የሰጣችሁ፣ የተጋመሰ ብልቃጥ ካለ ስሙን አስነብቡ። «ዴክሳ» የሚል ካለበት አትንኩት። መቅላት ብቻ የሚያነጡ ጠብታዎችም አሉ። የደም ሥሩን ያጠብባሉ፣ ሲለቁ መልሶ ይቀላል። ለዚህ ችግር አይሆኑም።

እንግዲህ ለድርቀት የሚሆነው ሰው ሠራሽ ዕንባ ነው። እሱም ዓይነት አለው። ሃይፕሮሜሎስና ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ ያለባቸው በብዛት የሚገኙት ናቸው። ሶዲየም ሃያሉሮኔት ያለበት በዓይን ላይ ትንሽ ይቆያል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ከስሙ ይልቅ እኔ ሁለት ነገር እንዲያዩ እፈልጋለሁ።

አንደኛው ማቆያ፣ ማለትም ጠብታው እንዳይበላሽ የሚጨመር ነገር፣ አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ነው። በብልቃጥ የሚመጡት አብዛኞቹ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የሚባል ማቆያ አላቸው። በቀን እስከ 4 ጊዜ ለሚያንጠባጥብ ሰው ብዙም አያስጨንቅም። ከዚያ በላይ ለሚያስፈልገው ግን ማቆያው ራሱ የዓይንን ፊት ያስቆጣዋል። ያኔ ማቆያ የሌለው፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ በሚሆን ትንሽ ብልቃጥ የሚመጣው ይሻላል። ውድ ነው፣ ሁልጊዜም አይገኝም። አቅም ካልፈቀደ ሙሉ በሙሉ ከመተው ባለማቆያውን በቀን 4 ጊዜ፣ ማታ ደግሞ ቅባት ማድረግ ጥሩ መሐል መንገድ ነው።

ሁለተኛው ቅጥነቱ ነው። ቀጭን ጠብታ ለቀን ነው። አያደበዝዝም፣ ግን ቶሎ ይጠፋል። ጄል ትንሽ ያደበዝዛል፣ ይቆያል። ፓራፊን ያለበት ቅባት ለማታ ብቻ ነው። ተቀብተው ከመኝታ ውጭ የትም አይሄዱም፤ ዓይን ጉም ይለብሳል። ድርቀቱ ጠዋት ሲነሱ የሚብስ ከሆነ መጀመር ያለባችሁ በማታው ቅባት ነው። ከሰዓት በኋላ የሚብስ ከሆነ በቀኑ ጠብታ።

አጠቃቀሙም የራሱ ወግ አለው። እጅ ታጥቦ፣ የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርጎ፣ አንድ ጠብታ ብቻ። ሦስት ቢያንጠባጥቡ ሁለቱ ጉንጭ ላይ ነው የሚቀሩት። ሌላ ጠብታ ካለ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆዩ። ቅባት ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። የተከፈተ ብልቃጥ ወር ካለፈው ይጣል፤ ቢተርፍም ይጣል።

የቅጠል ጭማቂ ዓይን ውስጥ የሚጨምሩ አሉ። ምች ነው ብለው ዳማከሴ የሚጨምቁም አይቻለሁ። ዳማከሴውን ይሽተቱት፣ ዓይን ውስጥ ግን አይግባ። ጠበል ሲጠመቁም ዓይንን መጨፈን ብቻ ይበቃል።

ቤት ውስጥና መንገድ ላይ

ከመድኃኒት እኩል የሚሠራው ጭስንና ነፋስን መቀነስ ነው። በበጋ ጎንደር ትደርቃለች። የአዘዞ መንገድ አቧራ፣ የጥምቀት ሰሞን በፋሲል መዋኛ ዙሪያ የሚነሳው አቧራ የደረቀ ዓይንን ያሠቃያል። ግራና ቀኙን የሚሸፍን ሰፊ መነጽር ከጃንጥላም ከኮፍያም ይበልጣል። የታይሮይድ ካንሰር በሴቶች ላይ ስለሚበዛ ታካሚዋ ብዙ ጊዜ ጭሱ ላይ የምትቆመው ራሷ ናት። ለጥቂት ወራት እንጀራውን ሌላ ሰው ይጋግር። ምጣዱ በኤሌክትሪክ ከሆነ ደግሞ እሰየው። ዕጣኑም ቡናው ሲፈላ ከታካሚዋ ራቅ ብሎ ይጨስ።

ዓይን ቆብ ላይ ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ማድረግም ይረዳል። የዓይን ቆብ ዘይት ይፈታል፣ ዕንባው ቶሎ አይተንም። ይህ ምንም ገንዘብ አያስወጣም።

ዕንባው ካላቆመ

የአቧራ ዕንባ ከአቧራው ሲርቁ ይተዋል። የድርቀት ዕንባ መጣ ሄደ ይላል፣ ነፋስና ጭስ ላይ ይብሳል። የተዘጋ ቱቦ ዕንባ ግን ቤት ውስጥ ተቀምጠውም ይወርዳል። በአንዱ ዓይን ወይም በሁለቱም ሊሆን ይችላል። ጠዋት የዓይን ጥግ በዓይን አር ይጣበቃል። እንዲህ ከሆነ ጠብታ መግዛት ይቁም፣ ወደ ዓይን ሐኪም ይኬድ።

ሐኪሙ በቀጭን ቧንቧ ጨው ውኃ በዕንባ ቀዳዳ ያስገባል። ውኃው ጉሮሮ ከደረሰ ቱቦው ክፍት ነው፤ ጨው ጨው ይላል። ተመልሶ በዓይን ከወጣ ተዘግቷል። ከዚህ በኋላ ሦስት መንገድ አለ።

መጠበቅ አንዱ ነው። ዕንባው ትንሽ ከሆነና ቱቦው ካልተዘጋ ያስኬዳል። ሁለተኛው ለጠበበና ገና ላልተዘጋ ቱቦ ነው። ሐኪሙ እየተከታተለ እብጠት የሚቀንስ ጠብታ ሊያዝ፣ ወይም ለስላሳ የሲሊኮን ቱቦ ለጥቂት ወራት ሊያስገባ ይችላል። ይህ የሚሆነው ቶሎ ሲደረስ ነው። ጠባሳው ከደረቀ በኋላ ቱቦ ማስገባት ብዙ አይረዳም። ለመቸኮል ምክንያቱ ይህ ነው።

ሦስተኛው ቀዶ ጥገና ነው። በዕንባ ከረጢቱና በአፍንጫ መካከል ያለችው ቀጭን አጥንት ተከፍታ አዲስ መውረጃ ይሠራል። ከ10 ታካሚ በ9ኙ ገደማ ይሳካል። በውጭ በኩል ሲሠራ አፍንጫ ጎን ትንሽ ጠባሳ ይቀራል፣ ዋናው የሚፈልገው ግን የሐኪሙን እጅ ነው። በአፍንጫ ውስጥ በካሜራ ሲሠራ ጠባሳ አይተውም፣ መሣሪያውና ልምዱ ያለበት ቦታ ግን ይፈልጋል። ጠባሳው አፍንጫ ጥግ የምትታይ ቀጭን መስመር ናት። በእኔ አስተያየት ለእሷ ብሎ ዓመት መጠበቅ አያዋጣም። በቅርብ የሚገኘውን መውሰድ ይሻላል። አስፕሪን ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ይናገር።

በአፍንጫ በኩል ያለው የዓይን ጥግ ካበጠ፣ ከቀላና ከጠዘጠዘ ቀጠሮ አይጠበቅም። የዕንባ ከረጢቱ መግል ይዟል ማለት ነው። በዚያው ቀን መታየት አለበት።

«አዮዲን ዓይን ያፈጥጣል» የሚባለውስ?

ይህ ወሬ ብዙ ታካሚ አስፈርቷል። እውነቱ ሌላ በሽታን ይመለከታል። ግሬቭስ የሚባለው የታይሮይድ ሆርሞን መብዛት በሽታ ዓይንን ያፈጥጣል። ለእሱ አዮዲን ሲሰጥ በአንዳንዱ ላይ ዓይኑ ይብሳል። በ1998 እ.ኤ.አ. በታተመ የጣሊያን ጥናት አዮዲን ብቻ ከወሰዱት ከ100 ሰው 15ቱ ላይ የዓይን ችግሩ ተነስቷል ወይም ብሷል። ፕሬድኒሶን አብረው ከወሰዱት ማንም አልባሰበትም። ካንሰር ብቻ ያለበት ሰው ይህ ጉዳይ አይመለከተውም። ሁለቱም ያለበት ሰው ግን ለሐኪሙ ይንገር። የሚያጨስም ያቁም፤ ሲጋራ የግሬቭስን ዓይን ክፉኛ ያብሳል።

የሚዋጡ የካንሰር መድኃኒቶችም የየራሳቸው ጣጣ አላቸው። ለሜዱላሪ የሚሰጠው ቫንዴታኒብ የዓይንን የፊት ሽፋን ሊያደበዝዝ ይችላል። ለአናፕላስቲክ ከዳብራፌኒብ ጋር የሚሰጠው ትራሜቲኒብ ደግሞ ሬቲናን፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን የኋላ ሽፋን፣ ሊነካ ይችላል። እነዚህን የሚወስድ ሰው ዕይታው ከደበዘዘ፣ መስመር ከተጣመመበት ወይም ጥላ ካየ ጠብታ ፍለጋ አይምጣ። ያንኑ ቀን ዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

አንድ ወረቀት

አዮዲኑ የተሰጠበት ቦታ ሌላ ከተማ፣ ምናልባትም ሌላ አገር ነው። የዓይን ችግሩ የሚመጣው ደግሞ ከወራት በኋላ ጎንደር ላይ ነው። እዚህ ያለው የዓይን ሐኪም ያንን ፋይል አያየውም። ስለዚህ ከሆስፒታሉ ሲወጡ ሦስት ነገር ያለበት ወረቀት ይጠይቁ። የካንሰሩ ዓይነት፣ የተሰጠው ሚሊኪዩሪ፣ የተሰጠበት ቀን። ከዚህ በፊት የወሰዱት ካለ እሱም ይጨመር። በስልክ ፎቶ ያንሱት፣ ለልጅዎ ወይም ለእህትዎ ይላኩላቸው። የዓይን ክፍል ካርድ ሲያወጡ «ዓይኔ ያነባል» ብቻ አይበሉ። «አዮዲን ታክሜያለሁ፣ መጠኑ ይኸውና» ብለው ወረቀቱን ያስቀድሙ።